ይሕደጎ ዛሬም ገብቷል

አለቃችን ቢሩክ ጠራኝና «የሺዬ፣ የትበርህን ታሪክ አንድ ገጽ አድርገሽ ጻፊልኝ» አለኝ። ለድረ ገጻችን ነው። «ሕይወትና ዕድገት በትውውቅ» የሚባል ክፍል አለን፤ ሠራተኛው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚወራበት፣ ከላይ የሚስቅ ፎቶ የሚለጠፍበት። ጻፍኩለት። ከስልክ ደዋይነት ተነስታ የክፍል ኃላፊ ሆነች፣ ትጉህ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት፣ ኮርተንባታል ብዬ ሰጠሁት። ደስ አለው። የእሱ ያ ነው። ይኼኛው ግን የራሴ ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፣ ሆዴ አልችል አለኝ።

የሻሽወርቅ እባላለሁ፤ የትውውቅ የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ባለው ባለመስታወት ሕንጻ ላይ ነው። ሥራችን ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው፦ የተማረ ሰው በስልኩ ይገባና ስሙን፣ ፎቶውን፣ ትምህርቱንና የሠራበትን ቦታ ያስቀምጣል፤ ቀጣሪም ገብቶ ያየዋል፤ ባለሙያ ከባለሙያ ይተዋወቃል። ሰውየው በዚያ ቀን ገብቶ ከነበረ ከፎቶው ጎን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ትበርህን የቀጠርኳት እኔ ነኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከጎሮ በሁለት ታክሲ የምትመጣ ልጅ ነበረች። አባቷ ድሮ አርፈዋል፤ እናቷ አደይ ለተብርሃን አሉ፤ ከእሷ በታች ይሕደጎ የሚባል አንድ ወንድም አላት። በቃ፣ ቤቱ ይኸው ነው። ሥራዋ ስልክ መደወል ነበር። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከትውውቅ ነው፤ የሥራ ልምድዎን ሞልተው አልጨረሱም፣ ልርዳዎት?» ትላለች። ሰው ይሰድባታል፣ ጆሮዋ ላይ ይዘጋባታል፤ እሷ መልሳ ትደውላለች። እኔ ብሆን ስልኩን በመስኮት ነበር የምወረውረው።

በዚህ ዓይነት አደገች። እኛ ቤት ሰው ሲያድግ ቶርታ ይቆረጣል፣ ፊኛ ይነፋል፣ ፎቶው «የዕድገት ግድግዳ» የሚባለው ላይ ይሰቀላል። ሲኒየር ሆነች፣ ቶርታ። ቲም ሊደር ሆነች፣ ቶርታ። ማዕረጉ ሲረዝም ደሞዙ እዚያው ቁጭ ብሏል። ድንቄም ዕድገት! እሷ ግን ከልቧ ታምንበት ነበር። ቢሩክ ስብሰባ በጠራ ቁጥር የሚላት አንድ ነገር አለችው፦ «በዚህ አገር ሥራ በዘመድ ነው፤ እኛ ግን ዘመድ ለሌለው ዘመድ ነን። ከእኛ ውስጥ ለወንድሙ ወይ ለአክስቱ ልጅ ብሎ ቀጣሪ ጆሮ ላይ ሹክ የሚል ካለ፣ በሩ ያውላችሁ።» ሁሉም ያጨበጭባል። እንደወጣ ደግሞ ሁሉም ሹክ ይላል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ፤ ማን ይቀራል? የቀረችው ትበርህ ብቻ ናት።

ይሕደጎ ሲቪል ኢንጂነር ነበር። የተመረቀ ሰሞን ኦሎምፒያ አንድ ካፌ አስቀምጣ ገጹን ራሷ ሞላችለት። ፎቶውን እሷ አነሳችው፤ የይለፍ ቃሉን እንኳ የመረጠችለት እሷ ናት፣ የእናታቸውን ስም። ከዚያ ልጁ ጠበቀ። ጠበቀ። የሚደውል የለም። «ስሜን ሲያዩ ነው የሚያልፉኝ» ይላታል። «ልምድ ስለሌለህ ነው፤ ታገሥ» ትለዋለች። እናቱ ቤት ተቀምጦ ጣሪያ የሚቆጥር ኢንጂነር ሆነ።

አንድ ቀን የአንድ ኮንስትራክሽን ድርጅት ቀጣሪ ቢሯችን ድረስ መጣ። ትበርህ ጋ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ፤ የሚፈልገው ጀማሪ ሲቪል ኢንጂነር ነው። አጠገቧ ነበርኩና በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። «ንገሪው እንጂ!» አልኳት በሹክሹክታ። «አይሆንም የሺዬ፣ ሕጉ ለእኔም ሕግ ነው» አለችኝ። ኧረ በማርያም! ሰውየው ሄዶ የሚስቱን ወንድም ቀጠረ። ይህንንም ለይሕደጎ የነገረችው ራሷ ናት፤ መደበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

«አንቺ የአገሩን ሰው ሁሉ ታስተዋውቂያለሽ፤ እኔን ግን አታውቂኝም» አላት። ከዚያ ወዲያ ብዙም አላናገራት። አንድ ቀን አዳማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ለእናቱ ነግሮ ወጣ። መልሶ የደወለው ከኦቦክ፣ ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ነው። ወደ የመን ልንሻገር ነው፣ ከዚያ ሳዑዲ እገባለሁ አለ። የደወለው ለእናቱ ነው፤ ትበርህን ስጪኝ አላለም። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ።

ከወራት በኋላ አብሮት የተሳፈረ የሰፈራቸው ልጅ ከሳዑዲ ለቤተሰቦቹ ደወለ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ እሱ በሰው እጅ ተጎትቶ ወጥቷል፤ ይሕደጎን ግን ከወጡት መሐል አላየውም። ቤተሰቦቹ ወሬውን ይዘው አቶ ኣምደሚካኤል ዘንድ ሄዱ። አቶ ኣምደሚካኤል የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ የትበርህ አባት ጓደኛም ነበሩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ። ዝም ተብሎ አይዘረገፍም። ሽማግሌዎች ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሐዘንተኛዋን የሚይዙ ሴቶች ይዘጋጃሉ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ አንድ ላይ ይገባሉ። እነ አቶ ኣምደሚካኤልም እንዲሁ መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሴቶቹን ከኋላ አስከትለው። በሩን የከፈተችው ትበርህ ናት፣ ታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ ለመውጣት ማልዳ ትነሳለችና። የነጠላቸውን አለባበስ ስታይ ገባት። ለእናቷ ብቻ አይደለም፣ ለእሷም ነው የመጡት።

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይናገሩ!» አለቻቸው። ስልኳን አወጣች። «ይመልከቱ አባቴ። ይሕደጎ ትናንት ገብቷል፣ ዛሬም ገብቷል። ይቺ ነጥብ ሰውየው ራሱ ካልገባ አትበራም። የምሠራበት ቤት ነው፤ እኔ አውቃለሁ።»

ለካ ነጥቧ ከጥቂት ቀናት በፊት ድንገት በርታ ኖሯል፤ ትበርህም ለማንም ሳትተነፍስ በየጠዋቱ ታያት ነበር። አቶ ኣምደሚካኤል መነጽራቸውን አጥልቀው አዩ። የልጁ ፎቶ፣ ከጎኑ አረንጓዴ። ያልሞተ ሰው መርዶ መንገር እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ አስቡት፤ ሰውን በቁሙ መቅበር ነው። ሽማግሌው ደነገጡ። «ተመስገን! ተመስገን!» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱና ሰዉን ሁሉ ይዘው ተመለሱ። አደይ ለተብርሃን ከውስጥ «ማን ነው ጓለይ፣ ልጄ?» ቢሉ «ቤት ተሳስተው ነው» አለቻቸው።

ያን ቀን ቢሮ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። ነገረችኝና እኔም እልል አልኩ፤ የዋህ ነኝና። ወዲያው ግን ሌላ ጭንቀት መጣ፤ በሕይወት ካለ ለምን አይደውልም? ትበርህ መልሱን ራሷ አገኘችው፦ «ተቀይሞኛል።» እናም በትውውቅ በኩል ትጽፍለት ጀመር። «ይሕደጎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ቀን ለሰውየው ስምህን ብጠራ ምን ነበረበት? እኔን ተወኝ፣ ለእማዬ ብቻ ደውልላት።» እኛ ጋ መልእክት ሲከፈት ከሥሩ «ታይቷል» የሚል ይመጣል። ለእሷ አልመጣም። ነጥቧ ትበራለች፣ መልእክቱ አይከፈትም። «ገብቶ አይቶኝ ያልፈኛል፤ ይህን ያህል ጠልቶኛል» ትለኝና ምሳዋን ሳትከፍት ትመልሳለች። አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ነጥብ ይቅርታ ስትለምን ኖረች።

ለእናቷም ደህና ስልክ ገዛችላቸው፤ ማየትም አስተማረቻቸው፣ ይቅርታ እየጻፈችለት እንደሆነም ነገረቻቸው። አደይ ለተብርሃን ማንበብ አይችሉም፤ ለአረንጓዴ ግን ማንበብ አያስፈልግም። ጠዋት ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ ስልኩን ያነሳሉ። ነጥቧ ከበራች «ልጄ ገብቷል» ብለው ቁርሳቸውን ይበላሉ። ጎረቤት ሲጠይቃቸውም እንደዚያው ይላሉ። ጎረቤቱም እግዜር ያሳድረው ይላል፤ ምን ይበል? በዚህ መሐል ትበርህ የደንበኞች ክፍል ኃላፊ ሆነች። ቶርታው በዚያን ጊዜ ትልቅ ነበር፤ ስሟ በክሬም ተጽፎበታል።

ኃላፊ ሲኮን ሌላውን ያቃተው ስልክ ሁሉ ወደ አንቺ ይመጣል። አንድ ቀን ሐሚዳ የምትባል ሴት ደወለች። አጠገቧ ስለነበርኩ ጩኸቷ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። «ባሌ አብዱልሐሚድ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ አላህ ይዘንለት። እጄን ይዞ ነው የሞተው። እናንተ ጋ ግን በየቀኑ ይገባል! ጓደኞቹ እየደወሉ ሐሚዳ ምንድን ነው ይሉኛል። ምን ማለታችሁ ነው? ሰው ሞቶም አያርፍም?» አለች። ትበርህ ስልኩን የወሰደ ሰው ይኖራል ብላ ጠየቀቻት። «ስልኩማ ይኸው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ባትሪውም ሞቷል!»

ትበርህ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ተነስታ ኦላና ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ኦላና ሲስተሙን ከሚሠሩት ልጆች አንዱ ነው፣ ደግ ልጅ፣ ሲዋሽ ጆሮው የሚቀላ። የይሕደጎን ነገር አያውቅም። «እሱማ ማንቂያው ነው» አላት። «ከዓመት በፊት ታዝዘን ያስገባነው። ብዙ ወር ያልገባውን ሰው ሁሉ በየቀኑ እንደገባ አድርጎ ያሳያል። ኢንቨስተሮቹ የሚያዩት በቀን ስንት ሰው ገባ የሚለውን ነው፤ ቁጥሩ ማደግ አለበት። እኔ አይሆንም ብያቸው ነበር፣ ሙት!» አለና ጆሮው ሳይቀላ ቀረ። እውነቱን ነበር።

ትበርህ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ቢሩክ ቢሮ ገባችና የሐሚዳን ነገር ነገረችው፤ የሐሚዳን ብቻ። «ትበርህ፣ ሪላክስ» አላት። «ኢንቨስተሮቹ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ፤ ከዚያ እናጠፋዋለን። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ የባሏንም ገጽ ዝጊላት። አንቺን ኃላፊ ያደረግነው እኮ እንዲህ ያለውን በጥበብ እንድትይዢ ነው።» ስትወጣ በሩ ላይ ያዝኳት። «የወንድምሽን ለምን አልነገርሽውም?» ብዬ ጮህኩባት። «ምን ብዬ? ሞቷል ብዬ? ማን ነገረኝ?» አለችኝ። መርዶ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ሊነግሯት የመጡትን ደግሞ ከደጅ የመለሰቻቸው ራሷ ናት።

ሐሚዳን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ የአብዱልሐሚድንም ገጽ ዘጋች። የይሕደጎን ግን አልነካችም። ቤት ገብታም ለእናቷ ምንም አላለችም። ኢንቨስተሮቹ መጡ፣ አጨበጨብን፣ ገንዘቡ ገባ፣ ከላይ ያለውንም ፎቅ ተከራየን። ቢሩክም ቃሉን ጠበቀ፤ የእሱ ቃል ሲጠበቅም ሰው ይገድላል። ማንቂያው ጠፋ። የዚያ ሁሉ ሰው ነጥብ በአንድ ጠዋት ድርግም አለ።

«ልጄ ዛሬ አልገባም» አሉ አደይ ለተብርሃን። «ኔትወርክ ነው እማዬ» አለች ትበርህ። በማግስቱም ኔትወርክ ነው። ቀጥሎ አሮጊቷ እህል አልቀምስም አሉ። ልጠይቃቸው ጎሮ ሄድኩ፤ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። እጄን ያዙኝ። «ጓለይ፣ አንቺም እዚያው ነሽ አይደል? እስቲ ጠይቂልኝ፣ ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ቤት ወጥተን ሁለታችን አቶ ኣምደሚካኤል ዘንድ ሄድን። ትበርህ ስለ ነጥቧ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ልጄ፣ እመጣለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ግን አንድ ጊዜ ደጃችሁ ደርሼ ተመልሻለሁ። አስከሬን የለም፣ ሲሞት ያየው ሰው የለም፤ እኔ የማውቀው ያ ልጅ ያለውን ብቻ ነው። ዳግመኛ እንዳልሳሳት አንቺው ቁርጡን ንገሪኝ። ወንድሜ ሞቷል በይኝና ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዤ እገባለሁ።»

ትበርህ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ በልቤ በይው፣ በይውና ተገላገይ፣ አልቅሺ እላለሁ። «ገብቶ ነበር እኮ አባቴ…» አለች። ውሸት መሆኑን ከኦላና አፍ በጆሮዋ ሰምታ! ሽማግሌው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ተሰናብተናቸው ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቀድማኝ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሯ ላይ የይሕደጎን ስም ጽፋለች፤ ከሥሩ የእናታቸውን ስም። የይለፍ ቃሉ አልተለወጠም ነበር። ገባች። ነጥቧ በራች። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው። «ገባ! ጓለይ፣ ልጄ ገባ!» ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «ይብሉ እንግዲህ እማዬ» አለች። በሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ወንድሟን ሆና ትገባለች። ኮቷን ሳታወልቅ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ራሷን። መልእክቶቹን ግን አትከፍትም ነበር፤ ገብታ ወዲያው ትወጣለች። ሥራ እንዳትለቅ እናቷን የሚያበላው ይኸው ደሞዝ ነው፤ እንዳትናገር የምትናገርበት አፍ የላትም። እኔም አይቼ ዝም እላለሁ። ብናገር ለማን? ለአደይ ለተብርሃን?

ባለፈው ሳምንት አሮጊቷ በጎረቤት ልጅ ታግዘው ለይሕደጎ የድምፅ መልእክት ላኩ። ማታ ለትበርህ ነገሯት፤ «ከሰማው ታይቷል ይላል አለችኝ ልጅቷ፤ ነገ ይል እንደሆነ አያለሁ» አሏት። ጠዋት ትበርህ ገባች፣ እያመነታች መልእክቱን ከፈተችው። «ወደይ፣ ልጄ፣ እናትህ ነኝ» ይላል ድምፁ። «እኅትህን ማርልኝ። ብትበድልህም እኅትህ ናት፤ ሌላ የላችሁም። አንድ ቃል መልስላት።» ከዚያ ራሷ የላከችውን ነካችው። የዓመቱ ይቅርታ ሁሉ፣ ሳይከፈት የተከመረው፣ እላይ በላይ ተዘረገፈ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የራሷ ስልክ ይንቀጠቀጥ ጀመር፦ «ይሕደጎ መልእክትዎን አይቷል። ይሕደጎ መልእክትዎን አይቷል።» ይለዋል ደጋግሞ። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

እናቷ ደወሉ። «ታይቷል ይላል! ያንቺንስ? ያንቺንም አይቷል?»

«አይቷል እማዬ።»

«ተመስገን! እንግዲህ ይመልሳል። ይቅር ብያታለሁ ካለኝ፣ ነገ ብሞትም አይቆጨኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቢሩክ ያዘዘው ፎቶ አንሺ በር ላይ ደርሷል፤ ለዚያ ለምጽፈው ገጽ የትበርህን የሚስቅ ፎቶ ሊያነሳ ነው የመጣው። ጥቂት ቆይልን አልኩት። ትበርህ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አደረገች። «ደህና ነኝ እማዬ» ብላ ጻፈችና ቆመች። የቀረውን ልትጽፍ ሞከረች፣ አጠፋችው፤ እንደገና ሞከረች፣ አጠፋችው። ከዚያ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ኪቦርዱን ወደ እኔ አዞረችው።

«የሺዬ፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። አንቺ ጻፊው» አለችኝ።

ጻፍኩት።